አረንጓዴውን ፔስት ስትሮፕ ላይ እንዴት ነው የምትቀቡት? የትኛው ገጽ ላይ፣ ምን ያህል?

አዲስ_ላጪ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ የሶሊንገን ምላጭ ገዛሁ። የሚታጠፈው፣ የድሮው ዓይነት ነው፤ ስፋቱ 5/8 ኢንች። ሻጩ ድንጋይ ላይ አስሎ ነው የሰጠኝ። መጀመሪያ ቆንጆ ይላጭ ነበር። አሁን ጉንጬ ላይ ምንም አይል፣ አገጬ ጋ ሲደርስ ግን ፂሙን ይጎትታል።

አብሮት የሚንጠለጠል ስትሮፕ፣ ማለትም ምላጩ የሚመላለስበት ጠፍር፣ መጥቷል። አንዱ ገጽ ሸራ፣ ሌላው የላም ቆዳ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ አረንጓዴ ደረቅ ፔስትም አለ። ወረቀቱ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም።

ፔስቱን ቆዳው ላይ ልቀባው ወይስ ሸራው ላይ? ምን ያህል ይበቃል? ዘይት ይፈልጋል? ከቀባሁ በኋላስ በየስንት ጊዜው ነው የምጠቀመው? ቪዲዮ ላይ አንዱ እንደ ቅቤ ይለቀልቀዋል፣ ሌላው ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል። የትኛውን ልከተል?

---

የጠፍር_ልጅ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ንጹሑን ቆዳ ምንም እንዳትቀባው። ያ ቆዳ ሁልጊዜ ከመላጨትህ በፊት የምትመላለስበት ነው። አንዴ ፔስት ከገባበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ብትፍቀውም ብታጥበውም የተወሰነ ቅንጣት ውስጡ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በተመላለስክ ቁጥር ሳታውቀው ከምላጩ ብረት እየቀነስክ ነው።

ንጹሕ ቆዳና ፔስት ሥራቸው ለየቅል ነው። ስትላጭ የምላጩ አፍ በዓይን በማይታይ መጠን ወዲህና ወዲያ ይጣመማል። ንጹሕ ቆዳ ያቃናዋል፣ ያጸዳዋል። የሚያነሳው ብረት ከምንም አይቆጠርም። ፔስት ግን ይፍቃል። እጅግ በደቃቁ ነው የሚፍቀው፣ ግን መፋቁ መፋቅ ነው። አረንጓዴ ፔስት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፍቀው ዱቄት ክሮሚየም ኦክሳይድ ነው፤ ለምላጭ የሚሸጠው ጥሩው ቅንጣቱ ግማሽ ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። ብዙ ሰው ቤት ያለው 8000 ቁጥሩ የኖርተን መሳያ ድንጋይ (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይደቃል) ቅንጣቱ 3 ማይክሮን ገደማ ነው። ስለዚህ ፔስቱ ድንጋይ የተወውን ጭረት ያለሰልሳል፣ ትንሽ የደከመ አፍም ይመልሳል። የደነዘ ምላጭ ከዜሮ አይስልም።

ወደ ጥያቄህ። ለፔስት የራሱ የሆነ ገጽ አዘጋጅለት። የምመርጠው ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተለጠፈ ቆዳ ነው። ሸራው ላይ የሚቀቡ አሉ፣ ይሠራል። ችግሩ ሸራው ከቆዳው ጀርባ ተንጠልጥሎ ስለሚውል ዱቄቱ እየተራገፈ ወደ ንጹሑ ቆዳ ይሄዳል። ደግሞ ንጹሕ ሸራ ራሱ ጥቅም አለው። የሳሙና ቅሪትና እርጥበት የሚጠርገው እሱ ነው።

ደረቁን ፔስት እንዲህ ነው የምቀባው። ቆዳውን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አደርገዋለሁ። ፔስቱን ሳልጫን ከላይ እስከ ታች ጥቂት ቀጫጭን መስመር አወርድበታለሁ። ከዚያ በመዳፌ ሥር፣ አውራ ጣት በሚጀምርበት ወፍራም ቦታ፣ እያሸሁ አዳርሰዋለሁ። የእጅ ሙቀት ሰሙን ያላላውና ፔስቱ ቆዳው ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ በደረቅ ወረቀት ጠንከር አድርጌ እጠርገዋለሁ። የሚነሳው ይነሳል፣ ሥራውን የሚሠራው የቀረው ነው። ቆዳው አረንጓዴ ጥላ ብቻ ነው ሊኖረው የሚገባ፤ የራሱ መልክ ከሥር መታየት አለበት። በጣትህ ስትዳብሰው እብጠት ካገኘህ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ፍቀህ አንሳው። የተጓጎለ ፔስት አፉን ከፍ አድርጎ ያልፋል፣ ማዕዘኑንም ያበላሻል።

ዘይት ደረቁ ፔስት አይፈልግም፣ ሰም አለበት። ዱቄት ከገዛህ ግን አንድ ሁለት ጠብታ የማዕድን ዘይት እንዲይዝ ይረዳዋል። የምግብ ዘይት አታስጠጋው። እየቆየ ይሻግታል፣ ይሙለጨለጫል።

አጠቃቀሙ፦ ምላጩ መጎተት ሲጀምር ከ5 እስከ 10 ምልልስ። አንድ ምልልስ ማለት መሄድና መመለስ ነው። ከዚያ ምላጩን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፣ ቅንጣት ይዞ ወደ ንጹሑ ቆዳ እንዳይሄድ። ቀጥሎ ንጹሑ ላይ 50 ያህል። ልዩነቱን የዚያኑ ዕለት አገጭህ ላይ ታየዋለህ።

---

ጋሼ_ባርበር

የጠፍር ልጅ ደህና አድርጎ ነግሮሃል። እኔ ስለ እጅ ልጨምር። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምሠራው፣ ፀጉር በማስተካከል ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

ጀርባውና አፉ አንድ ላይ ቆዳው ላይ ይተኙ። ስትሄድ ጀርባው ይቅደም፣ አፉ ይከተል። ጫፍ ስትደርስ አቁምና በጀርባው በኩል ገልብጠው። በአፉ በኩል ከገለበጥከው ቆዳውን ትቆርጠዋለህ፣ አፉንም ታጥፈዋለህ። ፍጥነት አትፈልግ። ቀስ ብሎ በትክክል የሄደ ነው የሚያስለው።

ክብደቱን ተወው፣ የምላጩ ክብደት ራሱ ይበቃል። ንጹሕ ቆዳ ላይ ትንሽ ብትጫን ምሕረት አለው። ፔስት ላይ የለውም። ስትጫን ቆዳው ይሰረጉድና ከአፉ ኋላ ይነሳል፤ ያኔ ፔስቱ አፉን ያድቦለቡለዋል። የሚንጠለጠለው ስትሮፕ ደግሞ ካልወጠርከው መሐሉ ይረግባል፣ ያው ነው። ለፔስት ከሥሩ እንጨት ያለው ይሻላል ያለህ ለዚህ ነው።

ሌላው፣ ይህ ሁሉ ለራስህ ፊት ነው። እኔ ደንበኛ ላይ የሚቀየር ምላጭ ብቻ ነው የምጠቀመው። የስትሮፕ ቆዳ በመድኃኒት አይጸዳም። የአንዱን ሰው ምላጭ ያስኬድክበት ላይ የሌላውን አታስኬድም።

---

ድንጋይ_ብቻ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን አልስማማም። ጥሩ ማጠናቀቂያ ድንጋይ ካለ ፔስት ለምን? 12000 ቁጥሩ የናኒዋ ድንጋይ ወይም የቤልጂየሙ ቢጫ ኮቲኩል ይበቃል። ኮቲኩሉ ውስጡ ደቃቅ ጋርኔት ያለበት የአርዴን ተራራ ድንጋይ ነው። የሚያወጣው አፍ ለፊት በጣም የለሰለሰ ነው።

የፔስት ችግር መቅለሉ ነው። ምላጩ ጎተተ፣ 10 ምልልስ። እንደገና ጎተተ፣ 20። ያለ ምንም ድካም ይመለሳል፤ ሰውየውም ድንጋይ ይረሳል። በዚህ መሐል አፉ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ እየደቦለቦለ ነው። አንድ ቀን ፔስቱ መሥራት ያቆማል። ማጠናቀቂያ ድንጋይ ላይ ስታስተኛውም ድንጋዩ አፉን አይነካውም፣ ከኋላ ያለውን ትከሻ ነው የሚያሸው። ያኔ ወደ ሻካራ ድንጋይ ወርደህ እንደገና ትጀምራለህ። የብዙ ሰው ምላጭ እንዲህ ሆኖ ነው እጄ ላይ የሚመጣው።

በዚያ ላይ ክሮሚየም ኦክሳይድ የሚሰጠው አፍ አንዳንድ ፊት ላይ ያቃጥላል። የእኔ ፊት አይወደውም።

---

ብረት_አጥኚ

ድንጋይ ብቻ፣ ስለ መድቦልቦል ያልከው እውነት ነው። ፔስት ከንቱ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። በ2004 እ.ኤ.አ. ከአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ የስለት ጥናት አለ። የተሳሉ አፎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያዩ ነው ያወዳደሩት። ንጹሕ ቆዳ ከድንጋይ በኋላ በቀረው አፍ ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። ክሮሚየም ኦክሳይድ ያለበት ቆዳ ግን ጭረቱን አለስልሷል፣ ድንጋይ አፉ ላይ የሚተወውን ቀጭን የብረት ቅጠልም አንስቷል። ስለዚህ በልክ ከሆነ የሚሠራው ሥራ አለው።

ለአዲስ ላጪ አንድ ነገር ልጨምር። ፀጉር ከብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ነው። ታዲያ ምላጭ ለምን ይደነዝዛል? የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን አጥንተው በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ብዙ ሰው አፉ ቀስ በቀስ የሚያልቅ ይመስለዋል። እነሱ ግን አፉ በጥቃቅኑ ሲሸረፍ ነው ያዩት። ፀጉሩ ተጣሞ ምላጩን በሰያፍ ሲገጥመው፣ ብረቱም እዚያ ቦታ ላይ ወጥ ካልሆነ፣ ይሸረፋል።

ይህ ለፔስት ምን ማለት ነው? ሽርፋቱ እጅግ ትንሽ ከሆነ ፔስት ያስተካክለዋል። ከዚያ ካለፈ ግማሽ ማይክሮን ምንም አያደርገውም። እስኪጠፋ ልመላለስ ካልክ ሽርፋቱ ሳይጠፋ አፉ ይደቦለቡላል። ስለዚህ ፔስት ከመንካትህ በፊት አፉን በማጉያ መነጽር እየው። ሰዓት ሠሪ ዓይኑ ላይ የሚያደርገው ዓይነት ይበቃል። አፉ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካየህ ሽርፋት ነው፣ ድንጋይ ነው መድኃኒቱ።

---

ጋሼ_ባርበር

ይኸ ጥናት ልክ ነው። ለዚህ ነው ፂም በደንብ ይርጠብ የምንለው። በሙቅ ፎጣ አርጥበው፣ ሳሙናው ፊትህ ላይ ትንሽ ይቆይ። ውሃ የጠጣ ፂም ይለሰልሳል። ደረቅ ፂም ላይ ምላጭ አታስኪድ፤ ፔስት አይደለም ድንጋይም አይደርስበት።

---

ባልሳ_ሰው

እኔ ሦስተኛ መንገድ አለኝ። ቆዳ ሳይሆን ባልሳ እንጨት፣ ክሮሚየም ሳይሆን አልማዝ።

ባልሳ ቀላልና ለስላሳ እንጨት ነው፣ ቅንጣቱን ውስጡ ይይዛል። ግን እንደ ቆዳ አይሰረጉድም። ስለዚህ ድንጋይ ብቻ የሚፈራው መድቦልቦል በጣም ይቀንሳል። እንጨቱን መጀመሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ወፍራም መስታወት ላይ አስተኝተህ፣ ባልሳውን እሱ ላይ እያሸህ ፍጹም ጠፍጣፋ ታደርገዋለህ። ላዩ ላይ በእርሳስ መስመር አስምር። መስመሩ ሁሉ እኩል ከጠፋ ጠፍጣፋ ሆኗል።

የአልማዙ ፔስት በስሪንጅ ነው የሚመጣው። ለአንድ ጣውላ የሚበቃው ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ጥቂት ነጥቦች ናቸው። በጣት አሽተህ ታዳርሳለህ፣ የተረፈውን ትጠርጋለህ። ሲያልቅ እንጨቱ ምንም ያልተቀባ መምሰል አለበት። እኔ 0.5፣ 0.25 እና 0.1 ማይክሮን አሉኝ፣ እያንዳንዱ የራሱ ጣውላ ላይ። ጀርባው ላይ ቁጥሩን ጽፌበታለሁ። ወደሚቀጥለው ስሄድ ምላጩንም ጣቴንም እጠርጋለሁ። አንዲት የ0.5 ቅንጣት 0.1 ጣውላ ላይ ከገባች ጣውላው ከእንግዲህ 0.1 አይደለም።

አልማዝ ከክሮሚየም ኦክሳይድ ይልቅ ፈጥኖ ይቆርጣል። ስለዚህ ለጀማሪ ከ5 ምልልስ አይለፍ።

---

አዲስ_ላጪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጀርባው ገልብጥ ያሉኝን ዛሬውኑ ቀስ ብዬ ተለማምጄዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ይህ ጽሑፍ የሌለው አረንጓዴ ፔስት ክሮሚየም ኦክሳይድ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደግሞ ክሮሚየም መርዝ አይደለም ወይ? ፊቴ ላይ ነው የሚሄደው።

---

የጠፍር_ልጅ

በቀለሙ አታውቅም። የፔስት ቀለም አምራቹ የመረጠው ነው፣ የጋራ ደንብ የለውም። የጀርመን የስትሮፕ ፔስቶች ውስጥ አረንጓዴው ከቀዩና ከጥቁሩ የሚሸክር አለ። የዚያው አምራች ቢጫው ጭራሽ አይፍቅም፣ የቆዳ ቅባት ነው። ሰው አረንጓዴ ሁሉ ደቃቅ ነው ብሎ ያንን ይቀባና ፊቱ ይቃጠላል።

ሃርድዌር ቤት የሚሸጠው አረንጓዴ የብረት መወልወያም አለ። ብዙ ጊዜ ክሮሚየም ኦክሳይድ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጋር የተደባለቀ ነው፣ ቅንጣቱም እኩል አይደለም። ለመሮና ለወጥ ቤት ቢላ ግሩም ነው። ለፊት አልመክርህም። የአንተም ከዚያ ወገን ሊሆን ስለሚችል ለቢላ አስቀምጠው። የቅንጣቱ መጠን በማይክሮን የተጻፈበት ግዛ። ለአንድ ስትሮፕ የምትፈልገው በጣም ጥቂት ስለሆነ አንድ ትንሽ ዕቃ ዓመታት ያገለግልሃል።

---

ብረት_አጥኚ

ስለ መርዙ። መርዛማው ስድስት ቫለንሲ ያለው ክሮሚየም ነው። ፔስቱ ውስጥ ያለው ሦስት ቫለንሲ ያለው ኦክሳይድ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። አረንጓዴ የሥዕል ቀለምም ከእሱ ይሠራል። በዚህ አትጨነቅ። ዱቄቱን ግን አትተንፍሰው፣ ማንኛውም ደቃቅ ዱቄት ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ስትቀባ መስኮት ክፈት፣ ዱቄቱን እፍ አትበል፣ በኋላ እጅህን ታጠብ። ምላጩንም ጠርገህ ንጹሑ ቆዳ ላይ ካስኬድከው ፊትህ ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

---

ከመርካቶ

ይህ ክር በጣም ጠቀመኝ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ስትሮፕ እዚህ አላገኘሁም፣ ከውጭ ማስመጣት ደግሞ ውድ ነው። መርካቶ ቆዳ ሞልቷል። የበግ ቆዳ ለስላሳ ስለሆነ እሱን ልግዛ ብዬ ነበር። ይሆናል?

---

ቆዳ_ሠሪዋ

የበግ ቆዳ አትግዛ ወንድሜ። የእኛ አገር የበግ ቆዳ በዓለም ለጓንት የሚፈለገው ቀጭን፣ ጠንካራና የሚለጠጥ ስለሆነ ነው። ለስትሮፕ የማይሆነውም በዚያው መለጠጡ ነው። ምላጩ ሲሄድበት ይጠመዘዛል፣ ከሥሩ ይሸበሸባል።

የበሬ ወይም የላም ቆዳ ፈልግ፣ 3 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍር። ሲቆረጥልህ ከጀርባው በኩል ይሁን። የሆድ ቆዳ ላላ ነው፣ እየተለጠጠ ይሄዳል። ቀጥሎ እንዴት እንደለፋ ጠይቅ። አሁን ፋብሪካ የሚያወጣው አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። ለጫማና ለጃኬት ጥሩ ነው፣ ግን ልስልስና ተሰርጓጅ ነው። በተክል ቅርፊት የለፋው ጠጠር ያለ ነው፣ ቀለሙም ቀላ ያለ ቡኒ። ጠርዙን እይ፦ በክሮም የለፋው ቀለም ካልተነከረ ውስጡ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይላል። የሶል ቆዳና ቀበቶ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ በተክል የለፋ የማግኘት ዕድልህ ይበልጣል።

ላዩ በቀለም ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ቆዳ ተወው። ሲያብረቀርቅ ያምራል፣ ፔስት ግን አይዝም። ጥርጣሬ ካለህ ጠብታ ውሃ ጣልበት። ውሃው ካልገባ ሽፋን አለው።

አንድ ቀጥ ያለ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) አስቆርጥ፣ ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ 7። ከአንደኛው ጫፍ መያዣ ተርፎ ይቅር። ቆዳውን በማስቲሽ ለጥፈው። ሁለቱንም ገጽ ቀብተህ፣ ማስቲሹ ነካ ስታደርገው እጅ የማይዝ እስኪሆን ጠብቅ፣ ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምረህ አየር ሳይገባ አስተኛው። ከባድ ነገር ጭነህ አሳድረው። አንዱ የእንጨት ገጽ ላይ ንጹሕ ቆዳ፣ ሌላው ላይ ለፔስት የሚሆን ለጥፍ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሁለት እንጨት ሥራ እላለሁ፤ ቦርሳ ውስጥ ስታስገባው ዱቄቱ አንዱን ከአንዱ አይለይም።

---

ከመርካቶ

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ቆዳው የትኛው ፊት ነው ወደ ላይ የሚሆነው? ለስላሳው ወይስ ሸካራው?

---

ቆዳ_ሠሪዋ

ለንጹሑ ለስላሳው ወደ ላይ ይሁን። ለፔስቱ ሁለቱም ይሠራል። ሸካራው ብዙ ፔስት ይይዛል፣ ስለዚህ ሰው ሳያስበው ያበዛዋል። ለጀማሪ ለፔስቱም ለስላሳውን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ግን ያንን አንጸባራቂ ገጽ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አደብዝዘው፣ ፔስቱ የሚይዘው ነገር ያግኝ።

---

ድንጋይ_ብቻ

እህታችን ያለችው እንጨት ላይ ጠጠር ያለ ቆዳ፣ በቀጭኑ ከተቀባ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ከሆነ እኔም አልቃወምም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ። ከፔስት በኋላ ምላጩ ደህና ላጭቶ፣ ቀጥሎ ያለው መጎተት ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ከሆነ ፔስቱን አትጨምሩ። ድንጋዩ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

---

አዲስ_ላጪ

ገባኝ። ቆዳውንም ሸራውንም አልነካም። በማይክሮን የተጻፈበት ክሮሚየም ኦክሳይድ አዝዣለሁ፣ ለእሱ ደግሞ እንጨት ላይ የተለጠፈ ቆዳ እሠራለሁ። ማጉያ መነጽር ተውሼ አፉን አየሁት። ወደ ጫፉ አካባቢ ሁለት የሚያብለጨልጭ ነጥብ አለ። አገጬ ጋ የምጠቀመው በዚያው ጫፍ ነው።

---

ብረት_አጥኚ

እንግዲያው ፔስት አይፈታውም። መጀመሪያ ድንጋይ፣ ከዚያ ፔስቱ ሲመጣ ለማለስለስ ትጠቀምበታለህ።

---

አዲስ_ላጪ

ጋሼ፣ እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ከእርስዎ ሩቅ አይደለሁም። ድንጋይ ካለዎት ይዤው ልመጣ እችላለሁ?

---

ጋሼ_ባርበር

ና ልጄ። ሰኞ እረፍቴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል። ምላጩን አድርቀህ፣ ትንሽ ዘይት ቀባ አድርገህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ አምጣው። እስከዚያ ምንም ላይ አታስኪደው። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ያንንም አረንጓዴ ፔስት ይዘኸው ና፣ ቤት ለሽንኩርት ቢላዬ እፈልገዋለሁ።